መስመሩ ምን ዓይነት ቀለም አለው?

ለሥራ ወደ ኬንያ መሄዴን የሰማችው የአሥር ዓመት ልጄ ያዘዘችኝ ልብስም ከረሜላም አልነበረም። «እማዬ፣ የምድር ወገብ መስመር ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አይተሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ስንበር መስመሩን ሳላየው ተሻገርኩት፤ ናይሮቢ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ነውና። ስለዚህ በዕረፍቴ ቀን ወደ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተመልሼ ናንዩኪ ደረስኩ። በመንገዱ ዳር ከቆመው ሰሌዳ በቀር መሬቱ ላይ የተሰመረ ነገር የለም። ሐሩር ይጠብቀኛል ብዬ ነበር፤ ግን ከተማዋ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሹራቤን ደረብኩ። በአቅራቢያዋም 5,199 ሜትር ከፍታ ያለው የኬንያ ተራራ ቆሟል።

አንድ ወጣት ቀዳዳ ባለው ሳህን ውሃ ሞልቶ የክብሪት እንጨት ጣለበት። ከመስመሩ ጥቂት እርምጃ ወደ ሰሜን እንጨቱ በአንድ አቅጣጫ ዞረ፤ ወደ ደቡብ ስንሻገር በተቃራኒው። አጨብጭበን ከፈልን። እኔም ማታ በስልክ ለልጄ ተአምሩን ተረኩላት።

በማግስቱ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነገሩን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። የምድር መሽከርከር ታላላቅ አውሎ ነፋሶችን በሰሜንና በደቡብ በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራል፤ በሳህን ውሃ ላይ ግን ኃይሉ እጅግ ኢምንት ነው። እንጨቱን ያዞረው የአፈሳሰሱ ብልሃት ነበር።

አፍሪካ የምድር ወገብ፣ የግሪንዊች መስመር፣ የካንሰርና የካፕሪኮርን መስመሮች ሁሉ የሚያልፉባት ብቸኛዋ ክፍለ ዓለም መሆኗንም አስታወሱኝ። በምድር ወገብ አካባቢ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለማለት ይቻላል። ፀሐይ በወጣች በአንድ ሰዓት ገደማ እኛ «ከጧቱ አንድ ሰዓት» እንደምንል ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንዲሁ ይቆጥራሉ። ይህ ደስ አሰኘኝ።

ቤቴ ስገባ ልጄ የሳህኑን ወሬ ለክፍል ጓደኞቿ አውርታ ጨርሳለች! ዝም ልበል አልኩ፤ ኅሊናዬ አልፈቀደም። ብርቱካን አንሥቼ በሹል እንጨት ወጋሁና መሐሉን በክር አሰርኩላት። «መስመሩ ቀለም የለውም፤ ሰዎች ቦታን ለመለየት በሐሳብ ያሰመሩት ነው። በሳህኑ ነገር ግን ተሳስቼ ነበር» አልኳት። ጥቂት አኮረፈች። በማግስቱ ግን ብርቱካኑን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ስትመለስም «እናቴ ተሳስታ ነበር ብዬ አስረዳኋቸው» አለችኝ።

እኅቶቼ፣ ልጅ ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት ይከብዳል፤ ነገር ግን ልጆቻችን እውነትን መፈለግ የሚለምዱት ከእኛው ነው።