የአባቴ ስም ሲርገበገብ

ለአባቴ ሙት ዓመት ፎቶግራፎቹን በኮምፒውተር አቀናብሬ፣ መጨረሻው ላይ ስሙን ጽፌ፣ በዲቪዲ ይዤ ደብረ ታቦር ገባሁ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰበሰበ። ፎቶግራፎቹ ደህና አለፉ። ስሙ ሲመጣ ግን ፊደሎቹ ይርገበገቡ ጀመር። እናቴ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ «ልጄ፣ ስሙን ምን ያንቀጠቅጠዋል?» አለችኝ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አንድ በአንድ እየለየች ስለምታነብ የሚርገበገብ ፊደል አይያዝላትም።

መጀመሪያ በአሮጌው ቴሌቪዥን አሳበብኩ። ዜናውንና ድራማውን ግን ያለ ችግር ነው የሚያሳየው። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የሠርግ ወይም የምርቃት ቪዲዮ አሠርተው ከሆነ ይህ እርስዎንም ገጥሞዎት ይሆናል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአገራችን የኖረው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ምስሉን በ625 መስመሮች ይሥላል፤ ሁሉንም ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። በሰከንድ 50 ጊዜ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ አንዴ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን፣ አንዴ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ይሥላል። በፎቶግራፍ ላይ ጎረቤታም መስመሮች ስለሚመሳሰሉ ዓይን አይነቃበትም። የ«ተ» ቀጭን አግዳሚ ግን በአንድ መስመር ላይ ብቻ ካረፈ በሰከንድ 25 ጊዜ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ይርገበገባል። ኮምፒውተር ሁሉንም መስመር በየዙሩ ስለሚሥል እቤቴ ሆኜ ስሠራ አልታየኝም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በማግስቱ ላፕቶፔን ከፍቼ ቀጭኑን ፊደል በወፍራም ቀየርኩ፤ አግዳሚው ቢያንስ ሁለት መስመር እንዲይዝ ማለት ነው። ጠርዙን ወደ ላይና ወደ ታች በስሱ አደበዘዝኩት። በጥቁር ላይ የነበረውን ድፍን ነጭ ጽሑፍ ወደ ፈዘዝ ያለ ክሬም፣ መደቡንም ወደ ግራጫ ለወጥኩ። በኮምፒውተሬ ላይ ሳየው ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ነበር፤ በእናቴ ቴሌቪዥን ላይ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

እርስዎም ለወላጆችዎ ቪዲዮ ሲያሠሩ ባለሙያውን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «በእነሱ ቴሌቪዥን ላይ ሞክረኸዋል?» አዲሶቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ችግሩን በአብዛኛው ራሳቸው ያስተካክሉታል። የብዙ እናቶች ሳሎን ግን አሁንም አሮጌው ጋ ነው።

በዚያ ምሽት እናቴ በርጩማዋን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋች። ጣቷን በመስታወቱ ላይ እያስኬደች የአባቴን ስም ፊደል በፊደል አነበበች። ስትጨርስ፣ «እንደገና መልሰው» አለችኝ።