ሥዕሌን በብብቴ ይዤ ወደ ስድስት ኪሎ

ዛሬ ስለ ፍቅረኞች ጠብ አላወራም፤ ስለ ራሴ ጣጣ ነው የማጫውታችሁ።

ሠዓሊ ነኝ። ታዲያ ዲፕሎማ አለው ብላችሁ እንዳትሸወዱ! አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እጄን ያፍታታሁት የምግብ ቤትና የፀጉር ቤት ታፔላ እየጻፍኩ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ሥዕል ከልቤ ሣልኩ። እናቴ ጉሊት ተቀምጣ፣ ዝናብ ሲጀምር ሽንኩርቷን በነጠላዋ ስትሸፍን። በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ አንድ ጋለሪ ወሰድኩት። ባለቤቷ ረጋ ብላ አየችውና፣

"የኔ ወንድም፣ እጅህ ጥሩ ነው። ግን ይሄን ፈረንጅ አይገዛውም። ጎጆ ቤት፣ እንስራ ያዘለች ኮረዳ... እንደሱ ካለህ አምጣ" አለችኝ።

ክው ብዬ ወጣሁ። የቤት ኪራይ ደርሷል። ጎጆውን ልሣል ወይስ ብሩሼን ልጣል? እያልኩ እግሬ ስድስት ኪሎ አደረሰኝ።

መጀመሪያ የገባሁት ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። ድሮ የንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የአፄ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ቤት አይቼ፣ ከጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፊት ቆምኩ። ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በድሮው አሣሣል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ትክ ብሎ ያያችኋል፤ ክፉው ግን በጎን ስለሚሣል ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሠዓሊዎች ስማቸውን እንኳ አልጻፉም። እኔ ደግሞ ከሥዕሉ በፊት የተለማመድኩት ፊርማዬን! አፈርኩ።

ከዚያ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሄድኩ። ሰውዬው የሐረር ልጅ ነው፤ ሠዓሊም ገጣሚም። ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ "ይሄ የኛ ሥዕል አይደለም" ያሉት ጥቂት አልነበሩም። እሱ ግን ቀጠለ፤ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረ። በ1973 ዓ.ም. በስደት፣ አሜሪካን አገር ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ አገራቸው ገቡ። እሱ ሳይመለስ ሥራው ተመለሰ! ከአንዱ ሥዕል ፊት ቆሜ እንባዬ መጣ።

ስወጣ አንድ ዘበኛ "ምንድነው የያዝከው? ፍታው እስቲ" አለኝ። ፈታሁት። ትንሽ ዝም ብሎ አየና "እናትህ ናት አይደል? ነጠላው ራሰባት እኮ" አለኝ። የዚያን ቀን ሌላ ገዢ አልፈለግኩም።

ጎጆውን ግን ሣልኩት፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ተሸጠ፣ ኪራይ ተከፈለ። የእናቴ ሥዕል አልተሸጠም፤ ራስጌዬ ተሰቅሏል። አጠገቡ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ።

ምክሬ አጭር ነች። ሙዚየም የፈረንጅና የተማሪዎች ጉብኝት ብቻ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ካፌ ከመጎለት ጓደኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሩጡ። አንድ ሥዕል ምረጡና አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት። መልሶ ያያችኋል።