ግማሽ ራሳችንን ሲያመን

በመምህርነት ሥራችን «ራሴን አመመኝ» የሚለውን ያህል የሚደጋገምና ችላ የሚባል ቃል አልሰማንም። ተማሪው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስደግፍ «ሰነፍ» ይባላል። እናት መስኮቱን ዘግታ ስትተኛ «ራስ ምታት እኮ ነው፤ ተነሺ» ትባላለች። እኛም ይህ ሕመም ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮን ስላደገ፣ በቁርኣን ቤትም ሆነ በቀለም ትምህርት ቤት ስንፍና ተብሎ ሲተረጎምብን ቆይቷል። ስለዚህ ስለ ማይግሬን የተማርነውንና የኖርነውን ለውድ አንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ዐረቦች «ሸቂቃ» ይሉታል። ማይግሬን የሚለው ስምም «ግማሽ ራስ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያመው በአንድ ወገን ነውና። ሕመሙ እንደ ልብ ትርታ ይመታል፤ ስንንቀሳቀስ ይብሳል፤ ያቅለሸልሻል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። አንዳንዱ ሰው ሕመሙ ሳይጀምር ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ድረስ የሚያብለጨልጭ የተሰባበረ መስመር ዓይኑ ላይ ይታየዋል። ይህን አይቶ ጂን ነው ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ በአንጎል ገጽ ላይ ቀስ ብሎ የሚያልፍ የነርቭ ለውጥ ነው። ዝንባሌው በዘር ይተላለፋል፤ ሴቶችንም ከወንዶች 3 እጥፍ ገደማ ያጠቃል።

ራስ ምታትን የኢማን ድክመት አድርጎ የሚቆጥር ካለ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በኢሕራም ላይ ሳሉ በሸቂቃ ምክንያት ራሳቸው ላይ ዋግምት መደረጋቸውን ኢማሙ ቡኻሪ እንደዘገቡ ያስታውስ።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛን ከሁሉ የጠቀመን አንድ ደብተር ነው። ሕመሙ የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የበላነውን፣ የተኛነውን፣ የዋጥነውን መድኃኒት ስንመዘግብ፣ የፈተና ወረቀት ስናርም ያመሸንባቸው ሌሊቶችና ምሳ የዘለልንባቸው ቀናት ተለይተው ታዩን። የማይግሬን ራስ ለውጥ አይወድም። በተወሰነ ሰዓት መተኛት፣ በሰዓቱ መብላትና ውኃ መጠጣት ግማሽ ሕክምና ነው።

ማስታገሻ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለው ሕመሙ ሳይበረታ ሲወሰድ ይሻላል፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ሐኪም ሳያማክር አይውሰደው። ሲበዛም መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ይሆናል። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ቅልቅል ማስታገሻ ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መዋጥ ወደዚህ ያደርሳል። ሕመሙ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስበት ሰው እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መከላከያዎች ስላሉ ሐኪሙን ይጠይቅ። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት አይሆንም።

በረመዷን የሚያስቸግረን ረሃቡ ብቻ አይደለም፤ ቡናም አለ። ቡና የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊያመው ይችላል። ስለዚህ ወሩ ሊገባ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሲኒውን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ሱሑርን አለመተው፣ ከኢፍጧር እስከ ሱሑርም ውኃ እየከፋፈሉ መጠጣት ይረዳል። የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ሌሊት ማዛወር ስለሚቻልበት መንገድም ሐኪምን አስቀድሞ ማማከር ነው። ሕመሙ ከበረታ ለበሽተኛ ጾሙን አፍጥሮ በሌላ ቀን መክፈል እንደተፈቀደለት በሱረቱል በቀራህ ተደንግጓል። ሩኩዕና ሱጁድ ራሱን የሚሰነጥቀው ሰውም ተቀምጦ መስገድ ይችላል። ይህ የአላህ (ሱ.ወ.) እዝነት ነው፤ ቤተሰብ ሊያፍርበት አይገባም።

ጊዜ የማይሰጡም አሉ። በቅጽበት የሚፈነዳ ከባድ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለበት፣ እጅ እግር የሚያዝል ወይም አንደበት የሚያስር፣ ከጭንቅላት አደጋ በኋላ የመጣ፣ ወይም በእርግዝና ጊዜ እንደ አዲስ የጀመረ ከባድ ሕመም ሲያጋጥም ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ጨለም ያለ ክፍል፣ ዝግ ያለ ድምፅ፣ የሚጨስ ዕጣን ካለ ማራቅ፣ ከሁሉም በላይ «አመመኝ» ያለውን ማመን ነው። ማስመሰል ነው ተብሎ የሚጠረጠር ልጅ ሕመሙን መደበቅ ይማራል፤ የደበቀ ደግሞ አይታከምም። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን፣ ለአስታማሚዎችም ትዕግሥቱን ይስጥልን።