ስድስቷ ከየት መጣች?

ትናንት ማታ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ገጹ ላይ ኤክስ² + 5ኤክስ + 6 ተጽፏል፤ ከሥሩ መልሷ፦ (ኤክስ + 2)(ኤክስ + 3)። ልክ ነው። እንዴት አገኘሽው ብላት፣ «ጋሼ፣ ሲባዙ 6፣ ሲደመሩ 5 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ ተብለን ነው» አለችኝ። «ለምን?» ስላት ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ እኔም ፋክተራይዜሽንን ያለፍኩት ሸምድጄ ነው።

ወረቀት አወጣንና ጎኑ ኤክስ የሆነ ካሬ ሣልን። አንድ ክፍል ቤት ነው አልኳት፤ በአንድ በኩል 2 ሜትር፣ በሌላው 3 ሜትር ሊሰፋ ነው። የአንዱ ጭማሪ ስፋት 2ኤክስ፣ የሌላው 3ኤክስ፤ በድምሩ 5ኤክስ። ግን ጭማሪዎቹ በሚገናኙበት ጥግ ባዶ ቦታ ይቀራል። ወለሉ ሙሉ አራት ማዕዘን እንዲሆን 2 በ3 የሆነች ጥግ መሞላት አለባት። ስድስቷ እሷ ናት። ልጅቷ እርሳሷን ጥጓ ላይ አሳርፋ ብዙ አየቻት።

ሥዕሉ የኔ ፈጠራ አይደለም። የዛሬ 1200 ዓመት ገደማ ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው አል-ኽዋሪዝሚ (አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው ከመጽሐፉ ርዕስ ነው) ኤክስ² + 10ኤክስ = 39 የሚሆነውን ጥያቄ የፈታው እንዲሁ ካሬ ሥሎ፣ የጎደለውን ጥግ ሞልቶ ነው። ኤክስ የሚል ምልክት እንኳ አልነበረውም፤ ሁሉን በቃላት ነው የጻፈው። መልሱም 3 ሆነ።

እኛ ዛሬ 39ን ወደ ግራ አምጥተን (ኤክስ + 13)(ኤክስ − 3) = 0 እንላለን፤ ያኔ −13ም መልስ ሆኖ ይወጣል። እሱ ከዜሮ በታች የሆነ መልስ አይቀበልም ነበር።

ወደ ግራ የምናመጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ዜሮ ከሆነ አንዳቸው የግድ ዜሮ ነው። ብዜቱ 6 ቢሆን ግን 2 በ3፣ 1 በ6፣ 12 በግማሽ... ማለቂያ የለውም። (ኤክስ − 2)(ኤክስ − 3) = 6 ሲሰጣቸው «ኤክስ − 2 = 6» ብለው የሚጽፉ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። የዜሮን ነገር የነገራቸው የለም።

የሒሳብ መምህራን፣ እባካችሁ፣ «ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ» ከማለታችሁ በፊት ያችን ጥግ ሰሌዳው ላይ ሣሉላቸው።