የጨሞጋ ቁልቁለት

ትራክተሯ ጎዛምን ወዳለው ቀያችን የገባችው በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ነበር። መንግሥት የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ከፈቀደ አንድ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ታላቅ ወንድሜ፣ እኛ ወንድምዓለም የምንለው፣ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር አዋጥቶ ከነተሳቢዋ ገዛት። ባለ ሁለት ጎማ ናት፤ ባለ አንድ ፒስተን የናፍጣ ሞተር፣ 12 የፈረስ ጉልበት፣ እንደ እርፍ የሚያዙ ሁለት ረጃጅም እጀታዎች አሏት።

አባባ በደርግ ጊዜ ብር ሸለቆ በመንግሥት እርሻ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ትራክተር ሲባል የሚያውቁት ጎማው ሰው የሚያህለውን ነው። ዞረው ዞረው አዩዋትና «ይቺ ቦራን ትተካለች?» አሉ። ቦራ የሚመኩበት በሬያቸው ነው።

አልተካችውም። ዋልካው ዝናብ ጠጥቶ ስለነበር ጎማዎቿ እየተንሸራተቱ ጭቃ ለበሱ። ሞተሯም ቆላ ላይ የምታወጣውን ጉልበት እዚህ አታወጣም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር የሞተር ጉልበት ይቀንሳል። ጤፍ ደግሞ አንዴ ታርሶ የሚዘራ አይደለም፤ ከገመሳው በኋላ አይማው አለ፣ ከዚያም አፈሩ እስኪልም ይደጋገማል። በሦስተኛው ቀን አባባ ምንም ሳይናገሩ ቦራንና ሌላውን በሬ ዳልቻን ጠመዱ። ወንድምዓለም አንገቱን ደፋ። ያን ክረምት ትራክተሯ በሸራ ተሸፍና ከረመች።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ነው ጥቅሟ የገባን። አዲስ ቤት ልንሠራ ተዳፋቱን መደልደል፣ ለመሠረቱም ድንጋይ ማውጣት ነበረብን። በዶማ የፈነቀልነውን አፈር ተሳቢዋ ወሰደችው፤ ስምንት አህያ የሚሸከመውን ድንጋይ በአንድ ጉዞ አመጣችው። ቀጥሎ ፍጉ መጣ። በእኛ አገር ጓሮ ሁልጊዜ ጥቁርና ለም ነው፤ የሩቁ ማሳ ግን ፍግ አያገኝም፤ በቅርጫት በጀርባው ተሸክሞት ያን ያህል የሚጓዝ የለምና። ያን ዓመት የከረመውን የበረት ፍግ በሙሉ ሩቁ ማሳ ላይ በተንነው። እማየ ደግሞ ከጨሞጋ ወንዝ በጀርባዋ ታመላልሰው የነበረው ውሃ፣ የሦስቱ ቤት ጀሪካን አንድ ላይ እየተጫነ በተሳቢዋ መምጣት ጀመረ።

ያስደነገጠንም ይኸው የውሃ መንገድ ነው። ሕዳር ላይ ባዶ ጀሪካን ጭኜ ወደ ጨሞጋ ስወርድ መንገዱ ወደ ግራ ታጠፈ። እንደለመድኩት የግራውን የእጀታ መቆጣጠሪያ ጨበጥኩ። ትራክተሯ ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ ዞረች። ይበልጥ ጨበጥኩ፤ ይበልጥ ወደ ቀኝ ሄደች። ያተረፈኝ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው፤ ተሳቢዋ እሱ ላይ ተሰክታ ቆመች። እማየ ከላይ ሆና አይታኛለች። ያን ቀን የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ትራክተሯ የተበላሸች መስሎን ነበር። ምክንያቱን የነገረን ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ መካኒክ ነው። ሜዳ ላይ የግራውን ስትጨብጥ ሞተሩ የግራውን ጎማ መግፋት ያቆማል፤ የቀኙ እየገፋ ወደ ግራ ያዞርሃል። ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩ ጎማውን የሚገፋ ሳይሆን የሚይዝ ነው። የግራውን ስትጨብጥ የግራው ጎማ ይፈታና ከቀኙ ቀድሞ ይንከባለላል፤ መሪው ይገለበጣል። ስለዚህ ቁልቁለት ሳይጀመር በዝቅተኛ ማርሽ መግባት፣ ፍጥነቱን በተሳቢዋ ፍሬን መያዝ፣ መቆጣጠሪያውን ሳይነኩ ትራክተሯን በእጀታው በጉልበት ወደሚፈለገው አቅጣጫ ማዞር ነው። ይህን ሲሸጥልን የነገረን ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወንድምዓለም የሦስቱንም ቤት ወጣቶች ሰብስቦ ለአንድ ሳምንት፣ በባዶ ተሳቢ፣ ለዘብ ካለው ተዳፋት ጀምሮ አለማመደን። አባባም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዩ። በመጨረሻው ቀን ተነሥተው «በሬ የሚገራ ሰው መጀመሪያ ጠባዩን ያጠናል» አሉና ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ትራክተሯ ቦራን ትተካለች ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ቦራ ያርሳል፣ እሷ ትሸከማለች።

እንደ እኛ በደጋና በተዳፋት አገር የምትኖሩ፣ አዋጥታችሁ ትንሽ ትራክተር ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ከማረሻዋ በፊት ስለ ተሳቢዋ ጠይቁ፤ በቤታችሁ ዙሪያ ከባዱ ሥራ ሸክሙ ነውና። ሻጩን ደግሞ ስለ ቁልቁለቱ ሳያስረዳችሁ አትልቀቁት። ልጆቻችሁንም ጭነት ሳይኖር፣ ለዘብ ካለው ተዳፋት ላይ አለማምዷቸው። እኛ የተማርነው በጉቶ ነው፤ እናንተ ያለ ጉቶ ተማሩ።