ወደ ቀድሞው ዋና ከተማ

በዋና ከተማ የሚኖር ሰው ዋና ከተማ ሊጎበኝ ስንቁን ቋጥሮ ተነሣ ቢባል የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኛም በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ ወደ አንኮበር ለመሄድ ስንነሣ የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን ሳቁብን። «ሰው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ እናንተ ወዴት ትወጣላችሁ?» አሉን። የለንደንንና የፓሪስን አደባባዮች በስም እየጠራን የምንከራከር ተማሪዎች፣ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ የሚገኘውን የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በዓይናችን አለማየታችን አሳፍሮን ነበርና ሳቁን ችለን ተነሣን።

አምስት ነበርን። ከአምስታችን አንዱ የአንኮበር ልጅ ነው። መንገዱን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ሆኖ ሳለ ከሁላችን ይልቅ ዝም ያለው እርሱ ነበር። ምክንያቱን የተረዳነው በኋላ ነው።

አውቶቡሱ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሲያወርደን ፀሐይ ጠልቃ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በአገሩ ሁሉ ስሙ የተጠራው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ያን ሌሊት ገባን። ከዓመት በፊት፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር፣ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፤ እኛ በደረስንበት ጊዜም ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች በከተማይቱ ተጠልለው ነበር። ለጉብኝት የመጣን መሆናችንን ለጠየቀን ሁሉ ለመናገር አፈርን።

ደብረ ብርሃንም በዘመኗ ዋና ከተማ ነበረች። በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በዚህ ስፍራ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ እርሳቸውም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ስፍራውን ደብረ ብርሃን አሉት። ብርሃኑን በ1448 ዓ.ም. ከታየው ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙት ሊቃውንት አሉ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ደግሞ ብርሃኑ የታየው መናፍቃን ተብለው የተከሰሱ ሰዎች በድንጋይ ተወግረው በሞቱ በ38ኛው ቀን እንደሆነ ይናገራል። የከተማይቱን ስም የምናውቅ ብዙዎች ነን፤ ይህን የምናስታውስ ግን ጥቂቶች ነን።

ዘርአ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን 12 ዓመት ያህል ተቀመጡ። ይህ በዚያ ዘመን ረጅም ነው። በአገራችን ቋንቋ «ከተመ» ማለት ሰፈረ ማለት ነውና የጥንቱ ከተማ ድንኳን እንጂ ግንብ አልነበረም። ንጉሡ ሲነሣ ከተማው አብሮ ይነሣል፤ እንጨቱ ሲያልቅ፣ ወይም ጠላት ሲያሰጋ፣ ወይም የተሻለ ስፍራ ሲገኝ ዋና ከተማነት በበቅሎ ተጭኖ ይሄዳል።

በማግሥቱ ወደ አንኮበር ሄድን። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም ወገን ገብስ ይታጨዳል፤ የበግ መንጋ መንገዱን እየዘጋ መኪናችንን ደጋግሞ አስቆመው። ከዚያም ደጋው በድንገት አለቀ። ከእግራችን በታች ገደል ወረደ፤ በገደሉ አፋፍ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ፤ ከሩቅ፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ የአፋር ቆላ ተዘርግቷል። ነገሥታቱ ይህን ስፍራ የመረጡበትን ምክንያት መምህር ሳያስፈልገን ተረዳነው። ከቆላ የሚመጣውን ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን ጠላት፣ ከላይ ሆኖ ያያል። ከታች አልዩ አምባ ገበያ ነው፤ ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ከዚህ ገዙ። በ1834 ዓ.ም. ካፒቴን ሐሪስ የሚባል እንግሊዛዊ የመንግሥቱን ስጦታ ይዞ መጥቶ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረመ፤ ተመልሶም ስላየው ነገር ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። የልጅ ልጃቸው ምኒልክም ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. ሸዋ በገቡ ጊዜ በአንኮበር ተቀመጡ፤ በኋላ ግን ወደ እንጦጦ ወጡ። አርተር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ፣ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ ከታጁራ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ፣ ወራት ተጉዞ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ቢደርስ ንጉሡ የሉም። እርሱም ጭነቱን ይዞ ወደ እንጦጦ ተከተለ። እንግዲህ ከእኛ በፊት ዋና ከተማ ሊያይ አንኮበር መጥቶ ዋና ከተማነቱን ያጣ ሰው አለ ማለት ነው።

እኛም ኮረብታውን እያለከለክን ወጣነው። ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ቅሪት ነው፤ በአጠገቡ በቤተ መንግሥቱ አምሳያ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ቆሟል። ድንጋዩን ዳሰስነው፤ ፎቶግራፍ አነሣን፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥም የሚታይ አለቀብን። «ይኸው ነው?» ያለው ከእኛ አንዱ ነው። የአንኮበሩ ልጅ መልስ ሳይሰጥ ቁልቁል መራን፤ ወደ አያቱ ቤት ወሰደን።

እማማ «ቤት ለእንግዳ!» ብለው ተቀበሉን። ወዲያው እሳቱን ሊያቀጣጥሉ ጎንበስ ሲሉ ከእኛ አንዱ ካሜራውን አነሣ። ጓደኛችን እጁን በመስተዋቱ ላይ አደረገና፣ «ይህ ቤታችን ነው፤ ቅርስ አይደለም» አለ። ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ዝም ያለበት ምክንያት ያን ጊዜ ተገለጠልን፤ እኛ ልንጎበኝ የመጣነው እርሱ ያደገበትን ቤት ኖሯል።

እማማ ግን ሳቁ። «አንሡኝ እንጂ! ግን መጀመሪያ ብሉ» አሉን። የገብስ እንጀራና የባቄላ ወጥ ቀረበ፤ ጠላውም ተቀዳ። የማን ልጆች እንደሆንን አንድ በአንድ ከጠየቁን በኋላ፣ «ለመሆኑ ምን ልታዩ መጣችሁ?» አሉ።

«ቤተ መንግሥቱን ነው፣ እማማ።»

«እሱማ ከሄደ ቆየ። እኛ ግን አለን።»

ይህን ብለው ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ ትምህርትህን ስትጨርስ ትመጣለህ? ወይስ አንተም እንደ መንግሥቱ ሄደህ ትቀራለህ?» ጓደኛችን ቆሎውን በእጁ ይዞ ዝም አለ። ስንወጣ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ጥያቄውን ግን አልመለሰም። እኛም ፎቶግራፋቸውን አሳትመን፣ ራሳችን ይዘን እንደምንመጣ ቃል ገባን።

አልመጣንም። መጀመሪያ ፈተና ነው አልን፤ ቀጥሎ ገንዘብ የለም አልን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ ውጊያ ተነሥቶ መንገዱ የጉብኝት መሆኑ ቀረ። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን እንናገር፤ በኅዳርና በነሐሴ መካከል መንገዱ ክፍት የነበረባቸው ወራት ነበሩ።

አሁን ለመመረቅ ተቃርበናል። ማታ ማታ የምናወራው በአዲስ አበባ ስለሚገኝ ሥራ ነው፤ የጎጃሙም የወላይታውም የአንኮበሩም ልጅ ወሬው አንድ ነው። ዋና ከተማ ከአንኮበር ሲነሣ መኳንንቱን፣ ነጋዴውንና የእጅ ባለሙያውን ይዞ ሄደ። ዛሬ ደግሞ የተማረውን ልጅ ይወስዳል፤ እኛም ሳንጠራ እንከተላለን። እማማ የጠየቁት ጓደኛችንን ብቻ መስሎን ነበር።

ፎቶግራፉ ታትሟል። እማማ በእሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ይስቃሉ። በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አልሰቀልነውም፤ የእኛ አይደለምና። በፖስታ ውስጥ ሆኖ በጓደኛችን ሣጥን ተቀምጧል፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ማን ይዞት እንደሚሄድ ግን ገና አልተስማማንም።