ከጠብ በፊት የተቀመጠ ሽማግሌ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት ከስንት ዓመት ቁጠባ በኋላ አዲስ መኪና ገዙ። ሻጩ ቢሮ ቁጭ ብለው አንድ ክምር ወረቀት ፈረሙ። ቁልፉን ተቀበሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ወረቀቱም የኩሽና መሳቢያ ውስጥ ገባ።

በ26ኛው ቀን ሚስት የኢንሹራንስ ወረቀት ስትፈልግ ያንን ክምር አገላበጠችው። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ አንቀጽ ዓይኗ ገባ። በመኪናው ምክንያት ክርክር ቢነሣ ጉዳዩ በግልግል ዳኛ እንጂ በፍርድ ቤት አይታይም፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው፤ ከሌሎች ገዢዎች ጋር በቡድን መክሰስም አይቻልም ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ይህን የማይፈልግ ገዢ በ30 ቀን ውስጥ በደብዳቤ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል።

አራት ቀን ቀርቷል።

ባል ሳቀ። «ግልግል ማለት ሽምግልና አይደለም እንዴ? እኛ እኮ ከፍርድ ቤት በፊት ሽማግሌ የምንልክ ሰዎች ነን። ደግሞ የአዲስ መኪና ሽታው ሳይለቀው ስለ ክስ ማውራት ሟርት ነው።»

ነገሩ ከንቱ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ ውድ ነው፣ ክስም ዓመታት ሊጎተት ይችላል። ግልግል ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልቃል። ለትንሽ ገንዘብ ክርክር የተቋቋሙትን ፍርድ ቤቶችም ብዙዎቹ ውሎች ክፍት ይተዋሉ።

ሚስት ግን አልተዋጠላትም። «ሽማግሌ የሚቀመጠው ከተጣላን በኋላ ነው። እኔም የኔን ሰው እጠራለሁ፣ እሱም የሱን። ካልጣመኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ይሄ ግን ገና ሳንጣላ ተቀምጦ ይጠብቀናል፤ ተነሥቶ መሄድም የለም።»

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ1925 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል የግልግል ሕግ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዲያከብሩ ያስገድዳል። በ2011 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ውሉ በቡድን መክሰስን ቢከለክልም የክልሎች ሕግ ሊያፈርሰው እንደማይችል ወሰነ። የዚህ ትርጉም ቀላል ነው። በ800 ዶላር ጥገና የተጎዳ አንድ ሰው ጠበቃ አያገኝም። በአንድ ዓይነት ብልሽት የተጎዱ አሥር ሺህ ሰዎች ግን አብረው ቢቆሙ ያገኛሉ። አንቀጹ የሚዘጋው ይህን በር ነው። የግልግል ዳኛው ሕጉን ቢሳሳት እንኳ ውሳኔውን ማስሻር እጅግ ከባድ ነው።

ማታ ሕግ የምትማረው የሚስት የወንድም ልጅ ደወለች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። መኪና ሻጮቹ ራሳቸው እኮ ከአምራቾቹ ጋር እንዲህ ዓይነት ውል ውስጥ መግባት አንፈልግም ብለው ኮንግረስን ለምነዋል። በ2002 ሕግ ወጣላቸው። በሁለቱ መካከል ግልግል የሚኖረው ጠቡ ከተነሣ በኋላ ሁለቱም በጽሑፍ ከተስማሙ ብቻ ነው።»

ጠቡ ከተነሣ በኋላ፤ ሚስት ቀን ያለችው ይህንኑ ነው። ሻጮቹ ከትልቁ አምራች ጋር እኩል ቆመን መደራደር አንችልም ብለው ያስከበሩትን መብት፣ ከእነሱ የሚገዛው ሰው አላገኘውም።

ባል ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ለነሱ ያልጣመ ለኛ እንዴት ይጥማል?» ሲል ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

ደብዳቤው አራት መስመር ነው። ስማቸው፣ የተገዛበት ቀን፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ከዚያም በግልግሉ አንቀጽ አንገደድም የሚል ቃል። ውሉን ሁለቱም ስለፈረሙ ደብዳቤውንም ሁለቱም ፈረሙበት። ቅጂ አስቀሩ። በ28ኛው ቀን ውሉ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ደረሰኝ በሚሰጥ ፖስታ ላኩት።

በዚህ ሽያጩ አልፈረሰም፣ ዋጋው አልጨመረም፣ ዋስትናውም አልተነካም። ነገ ክርክር ቢነሣና ግልግል የሚሻል ቢመስላቸው፣ ሌላው ወገን ከተስማማ ያኔም መግባት ይችላሉ። ያልላከ ሰው ግን ከ30ኛው ቀን በኋላ ሐሳቡን መቀየር አይችልም።

መኪናው ደህና ነው። ደብዳቤው ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። ሟርት ያለው ባልም ደረሰኙን ከመኪናው ወረቀት ጋር ያስቀመጠው ራሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቅጠሉ እዚህ አንድ ፖስታ ነው፣ ጊዜውም 30 ቀን። በዚህ ወር አዲስ መኪና የገዛ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ መሳቢያውን ይክፈት።